ጥይቱ ከማን ቤት ወጣ

ቆቦ፣ ጥር 14 ቀን 1965 ዓ.ም.

ይድረስ ዓሰብ ወደብ ለሚሠራው ለአክስቴ ልጅ ለታሂር፤

የሰማይና የምድር ጌታ አንተንም ባለቤትህን ሀሊሜንም በጤና ያቆይልኝ። እኛ እስካሁን አለን። እናትህ አክስቴ ኡሙሃኒም፣ አባትህ ካረፉ ወዲህ እንደለመደችው እኔው ቤት ናት፤ ጉልበቷ ቢዝልም ምላሷ እንደ ድሮው ነው።

ታሂር፣ ዘንድሮ የምጽፍልህ ወሬ ደግ አይደለም። ክረምቱ ሳይጠና አለፈ። ማሽላው እስከ ጉልበት አደገና ቆሞ ደረቀ፤ አገዳውን ለከብት አጨድነው። አሁን የምንበላው ከጉድጓድ ያወጣነውን የአምና እህል ነው፣ እሱም ታችኛው ነቅዟል። የባሰው ግን ከቆላ የመጣብን ነው። አፋሮች እነሱም ሣር አጥተው፣ የጎሊናን ወንዝ ተከትለው ያለ ወራቸው ከብታቸውን ይዘው ወጡ። ውሃው ላይ ከልጆቻችን ጋር ተጋጩ። የጎረቤታችን የዘነበች ልጅ እዚያው ቀረ። ከእነሱም የወደቀ አለ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ከብት የምናጠጣው እየተገላመጥን ነው፤ ጀምበር ካዘቀዘቀች በሩን የሚከፍት የለም። ለመንግሥት ሰዎች አመለከትን፤ የመጣልን የለም።

ስለዚህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከዋርካው ሥር ተቀምጠን መከርን። ሐሳቡን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ አልደብቅህም። ባሻ አስፋው የሚባል የቀድሞ ወታደር አለ። ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አስከትሎ ቀለብና ዋጋ ለሰጠው ሁሉ ይዋጋል። ልጆቻችን ከሚያልቁ፣ ለሞት የተከፈለው ሰው ይዋጋልን አልን። ቀለባቸውን ከየቤቱ እንሰፍራለን፤ የሚማርኩት ከብት የራሳቸው ነው፤ ጥይት ግን እኛ እንገዛለን።

ለጥይት መግዣ የምትችለውን ላክልኝ። ለሀሊሜ አትንገራት፤ አፋሮቹ ወገኖቿ ናቸው። መልስህን በዚሁ በሾፌሩ በሞላ እጅ ስደድልኝ።

አሳዳጊህ ወንድምህ
ደምሴ


ዓሰብ፣ የካቲት 11 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለታላቄ ለአያ ደምሴ፤

ሰላምታዬ ለእርስዎ፣ ለእትዬ ብዙነሽና ለልጆቹ ይድረስ። አላህ ቤትዎን ከክፉ ዓይንና ከክፉ ቀን ይሸሽግልኝ። የእናቴን ጉልበት ይሳሙልኝ።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ ወዲህ እህል በአፌ አይዞርም። ገንዘብ ለሞላ ሰጥቼዋለሁ። ለእህል ነው። ለእናቴና ለቤትዎ ማሽላ ይግዙበት። ለጥይት ብዬ ግን አልላክሁም። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ አባት ሆነው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎትና።

ለሀሊሜ እንዳሉኝ አልነገርኳትም። ነገር ግን አባቷ ሐንፈሬ፣ ወንድሟ ያዮና ታናሽ እህቷ ሀዋ ከብታቸውን ይዘው ወደ ጎሊና እንደወጡ ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ። «ዘንድሮ ወገኖቼ ከአያ ደምሴ አገር አጠገብ ናቸው፣ አይራቡም» እያለች ትጽናናለች። እኔ አንገቴን እደፋለሁ።

አያ ደምሴ፣ እዚህ አንድ የጀልባ ባለቤት ነበር። የባሕር ሽፍታ ስላስቸገረው መሣሪያ የያዙ ሰዎች ቀጠረ። እውነትም ሽፍታው ራቀ። ሽፍታው ሲርቅ ባለቤቱ «እንግዲህ በቃችሁኝ፣ ተሰናበቱ» አላቸው። እነሱ ጀልባውን ይዘው ሄዱ፤ እሱን ደረቅ ደሴት ላይ ጥለውት ዓሣ አጥማጆች አገኙት። አሁን ከመጋዘናችን በር ላይ ተቀምጦ ይለምናል። ገበሬ ጦርነት ሲያልቅ ወደ ሞፈሩ ይመለሳል። ባሻ አስፋው ጦርነት ሲያልቅ ወዴት ይመለሳል? እኔን የሚያስፈራኝ አፋር ሳይሆን ይሄ ነው።

ሳይመጣ ይተዉት። ሽማግሌ ይላኩ። አማቴ ሐንፈሬ ሰው የሚሰማ ሰው ነው።

ታናሽዎ
ታሂር


ቆቦ፣ መጋቢት 22 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለታሂር፤

በጾሙ ወራት ሁላችንን የሚያስበን አምላክ አንተንም ያስብህ። እኛ ደህና ነን። አደራህ ደርሷል።

የጻፍከውን አነበብኩ። የተማርክ ሰው ነህ፣ ሩቅም ነህ። እዚህ ሆነህ የዘነበችን ለቅሶ ብትሰማ እንዲያ አትጽፍም ነበር። ባሻ አስፋው ከነሰዎቹ መጥቷል። እንዳሰብነው ጨካኝ ሰው አይደለም፤ ሲቀመጥ ቀልድ ያውቃል፣ ለሽማግሌ ይነሳል። በመጣ በሳምንቱ ወደ ታች ወረደና ፍየልና ጥቂት ላም ነድቶ ተመለሰ። ሴቶቹ እልል አሉ። አፋሮቹ ከዚያ ወዲህ አልታዩም። ከስንት ጊዜ በኋላ በራችንን ሳንደግፍ ተኛን።

ይሁን እንጂ ባለፈው ሰሞን ሁለት በሬ ከጉረኖ ጠፋ። ባሻ ዱካውን አይቶ «የአፋር እጅ ነው፤ እኔ ብሄድ ኖሮ ሁሉንም ነበር የሚነዱት» አለ። እኛም እንዲቆይ ለመንነው። የሚበሉት ብዙ ነው። ከየቤቱ የሚሰፈረው ቁና በዝቷል፤ የእህል ጉድጓዳችን ታቹ ታይቷል። እናትህ ከሰዎቹ ጋር አትነጋገርም፤ ሲገቡ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ምን ሆነሻል ስላት «እንግዳ ስንት ቀን ነው?» ትለኛለች።

እህል የተወደደው ከምነግርህ በላይ ነው። የተቻለህን ጨምር።

ደምሴ


ዓሰብ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለአያ ደምሴ፤

አላህ ለሁላችንም ሶብሩን ይስጠን። ሰላምታዬ አይቅርብዎ።

የሀሊሜ ወንድም ያዮ እዚህ መጥቷል። በእግሩ ነው የመጣው፣ ከፊሉን መንገድ በጨው መኪና። ፊቱን ሳየው አላወቅሁትም ነበር። የነገረኝን እንዳለ እጽፍልዎታለሁ፤ አልጨምርም።

አፋሮቹ የሄዱት ፈርተው አይደለም። ሣሩም ውሃውም አልቆባቸው፣ ከብቱም በየመንገዱ እየወደቀ፣ ወደ ታች ሊመለሱ ዕቃ ሲጭኑ ነበር። ወንዶቹ ውሃ ፍለጋ ሄደዋል። ሰፈሩ ላይ የቀሩት ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ሕመምተኞች ነበሩ። በጠዋት ጠመንጃ ያዢዎቹ ደረሱ። ማንም አልተኮሰባቸውም። ፍየሎቹን ነዱ። ሀዋ የአንዲቱን ፍየል ገመድ ይዛ አልለቅም አለች፤ ለሕመምተኛው የምትታለበው እሷ ነበረች። ጎትተው አስለቀቋት። ስትከተላቸው ተኮሱባት። ያዮ ሲመለስ አባቱ ሐንፈሬ ሬሳዋን በጥላ ሥር አስተኝቶ ዝንብ ይከላከል ነበር።

እልል ያላችሁለት ፍየል ይሄ ነው።

ለሀሊሜ ያዮ ነገራት። የማን ሰዎች እንደሆኑ ግን እሱም አያውቅም፤ «የደጋ ሽፍቶች» ነው የሚላቸው። እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ አጽናናታለሁ፤ እኔ የማውቀውን ስለማታውቅ ትደገፈኛለች። እንዲህ ሆኜ መኖር ያስፈራኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለእህል ብዬ የላክሁት ገንዘብ ምን ተገዛበት? «አደራህ ደርሷል» ብለው ነው የጻፉልኝ፣ በላነው አላሉኝም። እባክዎን ይመልሱልኝ። እናቴንም በሞላ መኪና ይላኩልኝ።

ታሂር


ቆቦ፣ ግንቦት 30 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለታሂር።

ሁላችን ደህና ነን። ባሻ አስፋው በደንብ ይጠብቁናል። እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ አልቀን ነበር። አፋሮች ጦር እየሰበሰቡ መሆኑን ደርሰውበታል። ስለዚህ ተጨማሪ ጥይት ያስፈልጋል። አንተ ደመወዝተኛ ስለሆንክ ድርሻህን እንድትልክ ባሻ አሳስበዋል። እናትህ መንገድ አትችልም፣ እዚሁ ትቆያለች። ወደዚህ ለመምጣት አታስብ። ስለጠየቅኸኝ ነገር የምጨምረው የለም።

ደምሴ


ዓሰብ፣ ሰኔ 19 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለአያ ደምሴ፤ ለእርስዎ ብቻ።

ሁለት ወረቀት ልኬያለሁ። አንዱን ባሻ ፊት ያንብቡት፤ ደመወዜ ሲደርስ እልካለሁ፣ ባሻን ያመስግኑልኝ የሚል ነው። ይሄኛውን ሞላ ለብቻዎ ይሰጥዎታል። አንብበው እሳት ውስጥ ይጣሉት።

እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ያለ አምላክ ስም ደብዳቤ ጀምረው አያውቁም። ያለፈው አንድም ምርቃት የለበትም። ስለ እናቴም «እዚሁ ትቆያለች» የሚለው ቃል የእርስዎ አይደለም። ከጎንዎ ሰው ተቀምጦ እያዩ እንደጻፉት ገብቶኛል። እነ ባሻ እናቴን መያዣ አድርገዋታል ማለት ነው።

ያዮን ስለ ጦሩ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ፣ ከመጣ ወዲህ የሳቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ጦር? ለመቆም አቅም ያለው ስንት ሰው ቀርቶ?» አለኝ። የሚመጣባችሁ ጦር የለም። ጦር ከሌለ ቀለብ የለም፤ ስለዚህ ባሻ ጦር ያስፈልገዋል። ከሌለም ይሠራዋል።

ከዚያ ውጡ። ማሳውንም ቤቱንም ተዉት። ሞላ ወደ ላይ በመጣ ቁጥር ቆቦ ከተማ መኪና ማቆሚያው ላይ ያድራል። እናቴን እዚያ ካደረሱልኝ እሱ ወደ እኔ ያመጣታል።

ስለ ገንዘቡ ዳግመኛ አልጠይቅዎም። መልሱን እየፈራሁት ነው።

ታሂር


ቆቦ፣ ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለታሂር፤

ቀኑን የሚያመሸው ሌሊቱን የሚያነጋው እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ደብዳቤ የምታመጣልህ እናትህ ናት። ደርሳ ካየሃት በኋላ አንብበው።

አሁን ማንም ከጎኔ የለም፤ ሁሉንም እጽፍልሃለሁ። ከገንዘቡ ልጀምር። ሞላ ሲሰጠኝ ባሻ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «ይሄ ለጥይት የጠየቅነው ነው» አለ። አይደለም ለማለት አፍ ነበረኝ፣ አላልኩም። ደግሞ ፈርቼ አይደለም ታሂር። ያን ቀን አልፈራሁትም። ደስ እያለኝ ነው የሰጠሁት። ከሁሉም ቤት ይልቅ ከእኔ ቤት ብዙ ወጣ ብዬ ኮርቼ ነበር። ወደ ታች የወረዱት በዚያ ጥይት ነው። ፍርሃቱ የመጣው ኋላ ነው።

ደብዳቤህ ስለ ሀዋ ሲነግረኝ ወደ ባሻ ሄድኩ። «አፋሮቹ ሄደዋል፣ እኛም እህል አልቆብናል፣ እናመሰግናለን፣ እንግዲህ ሰላም ነው» አልኩት።

ሥጋ እየቆረጠ ነበር። ቀና ሳይል «ሰላም ነው ያለው ማነው?» አለኝ።

«እኛ ነን፣ የጠራንህ።»

«የጠራችሁኝ እናንተ ናችሁ። የምሄድበትን ቀን የማውቀው እኔ ነኝ። አሁን ብሄድ አፋር መጥቶ ይጨርሳችኋል፤ ደማችሁ በእኔ ላይ እንዲሆን አልፈልግም» አለ። በማግስቱ ለዘር ያስቀመጥነውን ደጋሌት የሚባል ማሽላ አስከፈተ። ከየቤቱም አንድ አንድ ወንድ አብሮት እንዲወርድ አዘዘ። ደብዳቤውንም እያየ ያስጻፈኝ በዚያ ሰሞን ነው። እናትህን ወደ ጉዞ ስናዘጋጅ አይቶ «አሮጊቷ ትቆይ፣ ልጇ ደመወዝተኛ ነው» አለ።

የአንተ ሁለተኛ ወረቀት ሲደርሰኝ ጎረቤቶቼን በየማሳቸው እየዞርኩ አናገርኳቸው። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶን ነበር፤ የሚበላው ሰው ከሌለ እሱም አይቆይም። በገበያ ቀን፣ ጠዋት፣ ገበያተኛ መስለን ጆንያችንን ይዘን በየተራ ወጣን። ቤታችንን እንኳ አልቆለፍንም፤ የሚቆልፍ ሰው ሩቅ ሂያጅ ይመስላል። እናትህን አህያ ላይ አስቀምጬ ነጠላ አለበስኳት። ብዙነሽ ማሚቴን አዝላለች። ታናሿ ልጄ ናት፤ አላየሃትም፣ አንተ ከሄድክ ነው የተወለደችው።

ከመንደሩ መውጫ ላይ ከባሻ ሰዎች አንዱ፣ ጌታሁን የሚባል የላስታ ሰው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ይጠብቃል። አለፍ ልንል ስንል ተነሳ።

«አባቴ፣ የታመመች አሮጊት ገበያ ወስደህ ምን ልትሸጥባት ነው?» አለኝ።

አህያዋን ሳብ አድርጌ ልቀጥል ሞከርኩ።

«ጆንያህም ባዶ ነው። ከፊትህ ያለፉትም ሁሉ ባዶ ነው» አለና ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

ብዙነሽ ከኋላዬ ልብሴን ጨመደደችው። ያን ጊዜ እናትህ ከአህያዋ ላይ ሆና «ልጄ፣ እናት አለችህ?» አለችው።

«ላስታ ናት፣ እማማ። የምትበላው ከዚህ ነው» ብሎ ጠመንጃውን አሳያት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እኔ አፋርን አላውቀውም። ምን በደለህ ብትለኝ ምንም። የምታውቁት እናንተ፣ የጠላችሁት እናንተ፣ የጠራችሁኝ እናንተ። ነፍሰ ገዳዩ ግን እኔ ነኝ፣ እናንተ ገበሬዎች ናችሁ። አይደለም?»

የአህያዋን ገመድ በእጄ ላይ ጠቀለልኩት።

«ሁለቱን በሬዎችም አፋር አልወሰዳቸውም። ባሻ አዝዞን እኛው አርደናቸዋል፣ ፍርሃቱ እንዳይበርድባችሁ። ሂዱ እንግዲህ። ሲጠይቀኝ ሌላውን መንገድ ስጠብቅ ነበር እለዋለሁ» አለ። ከመንገዱ ወረደና ጀርባውን ሰጠን። እኔ ግን ሮቢት ገበያ እስክንደርስ ድረስ ጥይቱ ከኋላዬ የሚመጣ እየመሰለኝ አንገቴን ቀብሬ ነው የሄድኩት።

ቆቦ ከተማ ደረስን። ታሂር፣ የዚህን ነገር እንዴት ብዬ ልጻፍልህ። ከአውራ መንገዱ ግራና ቀኝ የተኛው ሰው ተነሥቶ የሚሄድ እንዳይመስልህ። ከታች ቆላም ከላይ ደጋም የወረደው ሁሉ እዚያ ነው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አፋሩም። በጠዋት የሚነሱትና የማይነሱት ይለያሉ። ማሚቴን እዚያው ከመንገዱ ዳር ቀበርኳት። ብዙነሽ እስካሁን ቀና ብላ አታየኝም።

መንደራችን ባዶ ሲሆን ባሻም ወጣ። ሥራ ለማግኘት አልዘገየም። እዚህ አንድ እህል ያከማቸ ሰው አለ፤ ረኃብተኛው መጋዘኑን እንዳይሰብርበት ቀጠረው። ትናንት ከሰዎቹ ጋር በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። እኛ ከፊቱ ነበርን። አውቆኛል። ጎንበስ ብሎ ለሽማግሌ እንደሚሰጠው ሰላምታ ሰጠኝ፣ ጠመንጃው ግን ወደ እኛ ነበር። ጌታሁንን ከመሃላቸው አላየሁትም፤ ወደ እናቱ ሄዶ ይሁን ሌላ፣ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ይኸው ነግሬሃለሁ። ለሀሊሜ መንገርና አለመንገር የአንተ ፈንታ ነው። እኔ ምን እንደምልህ አላውቅም።

ደምሴ


ዓሰብ፣ መስከረም 26 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለአያ ደምሴ፤

አላህ ለማሚቴ የማያልቅ ጥላ ይስጣት። እትዬ ብዙነሽን አላህ ያጽናት።

እናቴ በሕይወት ደርሳለች። ሞላ እንደ ሕፃን አቅፎ ከጋቢናው አወረዳት። ሀሊሜ ውሃ አሙቃ እግሯን ልታጥብ ተንበረከከች። እናቴ እግሯን ሰበሰበች።

«ልጄ፣ ውሃውን አስቀምጪውና መጀመሪያ ስሚኝ» አለቻት። «እህትሽን የገደለው ጥይት የተገዛው ለእኔ እህል በተላከ ገንዘብ ነው። ልጄን ያሳደገው የወንድሜ ልጅ ነው ለገዳዮቹ የሰጠው። ሲሰጥ አይቻለሁ። ዝም አልኩ። ጠባቂ መጣልን ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አሁን ከፈለግሽ እጠቢኝ፣ ካልፈለግሽ እዚሁ ደጅ ላይ እሆናለሁ።»

ደብዳቤዎን ገና አልከፈትኩትም ነበር። እኔም የሰማሁት ከእሷ ነው።

ሀሊሜ ተነሥታ ወጣች። ከቤቱ ኋላ ባሕሩን እያየች ቆመች። ልከተላት ፈራሁ። ውሃው ቀዘቀዘ። ተመልሳ እንደገና አሞቀችው፣ የእናቴን እግር አጠበች፣ ቅባት ቀባቻት፣ አበላቻት። ለእኔ ግን አንድ ቃል አልተናገረችም። ከሚያዝያ ጀምሮ እያወቅሁ ደረቴ ላይ እንዳስለቀስኳት ገብቷታል። እስካሁን ከእናቴ ጋር ነው የምትተኛው። ያዮም ሰምቷል። በሰማ በማግስቱ ሳይሰናበተኝ ወደ አባቱ ተመለሰ።

ትናንት ሀሊሜ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችኝ። «አያ ደምሴ ራሱ ሄዶ ለአባቴ ይንገር። ወረቀት አይበቃም። አባቴ ልጁን ማን እንደገደላት ሳያውቅ መሞት የለበትም» አለች።

አያ ደምሴ፣ እንዳይሄዱ ልለምንዎ እፈልጋለሁ። እንዲሄዱም እፈልጋለሁ። አማቴ ሐንፈሬ ከጎሊና በታች ከቀሩት ጥቂት ቤተሰቦች ጋር ነው። ያዮ በገበያ ቀን ሮቢት እየመጣ እንዲጠብቅዎ መልእክት ልካበታለች። በሰላም ይመለሳሉ ልልዎ ግን አልችልም።

ታሂር


ቆቦ፣ ኅዳር 24 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለታሂር፣ እንዲሁም ለልጄ ለሀሊሜ፤ ይህንን አብራችሁ አንብቡት።

ከሞት ጥላ የሚያወጣ አምላክ የተመሰገነ ይሁን። ሄጄ ተመልሻለሁ።

መጀመሪያ ጎረቤቶቼን ጠራኋቸው። አብረን እንሂድ አልኳቸው። «እኛ አልገደልንም፣ የገደለው ባሻ ነው፤ እሱን ይፈልጉት» አሉኝ። ከመካከላቸው አንዱ እንዲያውም «ሄደህ ደሙን ካመንክ ሁላችንንም ታስገድላለህ» አለኝ። ስለዚህ ብቻዬን ሄድኩ። ብዙነሽ እስከ አውራ መንገዱ ሸኘችኝ። አታልቅሺ ልላት ሳያት አላለቀሰችም፤ ይህ ይበልጥ አስፈራኝ።

ያዮ ሮቢት ጠበቀኝ። ሰላም አላለኝም። በአገጩ መንገዱን አሳየኝና ከኋላዬ መጣ። ጊሌ የሚሉት ጩቤው ከወገቡ ላይ ነበር። ከፊቴ ሂድ ልለው አሰብኩ፣ አፈርኩ። በየደረስንበት የከብት አጥንት ነው። ሲያስል በሰማሁ ቁጥር ወደ ኋላ ዞር እል ነበር። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሄድን።

ሐንፈሬ ከግራር ሥር ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ ነበር። ያዮ ለአባቱ እስካሁን አልነገረውም ኖሯል፤ አሁን አስተርጓሚ ሆነ። ስሜንና የአባቴን ስም ተናገርኩ። ከዚያ «ልጅህን ያስገደልኳት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሐንፈሬ «አንተ ነህ የተኮስከው?» አለኝ።

«አይደለሁም። የቀጠርነው ሰው ነው።»

«የት አለ?»

«ሌላ ሰው ቀጥሮታል።»

«ስሟን ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም። የማንንም ስም አያውቅም።»

«ጥይቱስ ከማን ቤት ወጣ?»

«ከእኔ» አልኩ። ተቀመጥኩ። ማንም ተቀመጥ አላለኝም ነበር።

ከወጣቶቹ ሁለቱ ተነሥተው በቋንቋቸው ይጮሁ ጀመር። ሐንፈሬ በእጁ አስቀመጣቸው። ቀጥሎ የነገረኝን ስሙ። ባሻ አስፋው ከወር በፊት እነሱም ዘንድ መጥቶ ነበር። የመጋዘኑ ሥራ ስንዴ በእርዳታ መምጣት ሲጀምር አልቆበታል። «ከላይ የወረዱባችሁን ሰዎች አውቃቸዋለሁ፤ ቤታቸውን፣ መንገዳቸውን፣ ውሻቸውን ሳይቀር። ዋጋ ስጡኝና ደማችሁን ልመልስላችሁ» ብሏቸው። የወረደባቸው እሱ ራሱ እንደነበረ አልነገራቸውም። ወጣቶቹ ተስማሙ። የቀረቻቸውን አንዲት የምትታለብ ግመል ለዋጋው ለዩለት። በአዲሱ ጨረቃ ሊወስዳት ነበር። ሐንፈሬ ወደዚያ ሲያሳየኝ ከግራሩ ማዶ ታስራ አየኋት።

ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ሄደው ተማከሩ። እኔ ከያዮ ጋር ቀረሁ። እሱ አሸዋውን በጣቱ ይጭር ነበር።

ሲመለሱ ሐንፈሬ እንዲህ አለ፦ «ይህ ደም በእኔና በዚህ ሰው መካከል ነው። ሦስተኛ ሰው አይገባበትም፤ ያ ሰውዬ እንዳይመጣ ይነገረው። አሁን አንተም የምትከፍለው የለህም፣ እኔም የምቀበልበት ጉረኖ የለኝም። ከብት ሲረባ ትከፍላለህ። አንተ ካልደረስክበት ልጆችህ ይከፍላሉ። እስከዚያ እኔ አልነካህም፣ እነዚህ ሽማግሌዎችም አይነኩህም።» ከዚያ ያዮን አየውና ጨመረ። ያዮ ራሱ ተረጎመልኝ፦ «ስለ ልጄ ስለ ያዮ ግን አልምልልህም። ልቡን አላውቀውም።»

ልጅ እንዳለኝ ጠየቀኝ። ማሚቴን ነገርኩት። የት እንደቀበርኳት ጠየቀኝ፤ ከመንገድ ዳር አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም።

ተነሥቶ ግመሏን ራሱ ፈታት። ያዮን ጠራው። ያዮ አንድ እግሩን በሌላው ላይ አቁሞ፣ የእንጨቱን ዕቃ ጉልበቱ ላይ አድርጎ አለባት። ጥቂት ነበር የወጣው። ይዞልኝ መጣ።

ታሂር፣ አንተ ታውቃለህ፣ እኛ ክርስቲያኖች የግመል ነገር አንቀምስም። ደግሞም የነቢያት ጾም ገብቷል። በዚያ ላይ የያዮን እጅ አየሁት፤ ወተቱ ውስጥ ምን እንደጨመረበት አላውቅም። ሁሉም ያዩኛል። ሕፃናቱም ያዩኛል፤ ከእነሱ አፍ ነው የተወሰደው። የንስሐ አባቴ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ተቀብዬ ጠጣሁ።

ሁሉን አልጨረስኩትም፤ ለያዮ መለስኩለት። ዕቃውን ይዞ ቆሞ አየኝ። ከዚያ እኔ አፌን ባደረግሁበት በኩል አድርጎ የቀረውን ጠጣው።

ለአክስቴ ለኡሙሃኒ እንዲህ በላት፤ ደርሼ መጥቻለሁ። አምላክ ያቆያችሁ፤ እኔንም ዕዳዬን እስክከፍል ያቆየኝ።

ደምሴ